ከበሩ ውጭ የቆመው ሞተር

«ወደ ግራ እንዳታጋድለው» አለ ዚሲስ ከተጎታቹ ላይ ሆኖ።

«ግራው የትኛው ነው?» አለ ቫዮስ ከታች። «ፊቱ ወደ ኋላ፣ ኋላው ወደ ጎን። ይሄ ነገር ግራና ቀኝ አለው ብለህ ነው?»

ጥያቄው የሚያስቀይም አልነበረም። ሞተር ሳይክሉ የቫዮስ ፒክአፕ በሚጎትተው ጋሪ ላይ በሦስት ገመድ ታስሮ ተጋድሟል። የፊት ጎማው ወደ ውስጥ ታጥፎ የራሱን ሆድ ሊነክስ የደረሰ ይመስላል። መሪው እንደተሰበረ ቀንድ ወደ ሰማይ ቀርቷል። ከመብራቱ የተረፈው ክብ ቆርቆሮው ብቻ ነው። ዚሲስ ግን ካርዲትሳ ከተማ ካለው የብረታ ብረት መጋዘን እስከ መንደራቸው እስከ ፔትሮቶ ድረስ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትሩን በሙሉ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ሲያየው ነው የመጣው። ሙሽራ ይዞ የሚመጣ ሰውም እንዲህ አያይም፤ ቢያንስ ዚሲስ አግላያን ይዞ ሲመጣ እንዲህ አላየም። ይህን ያስታወሰችው አግላያ ናት፤ ያስታወሰችው ግን በኋላ ነው።

ለጊዜው የግቢውን በር አንዱን ክንፍ ከፍታ፣ በሌላው ክንፍ ላይ ተደግፋ ቆማለች። በእጇ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይዛለች፤ ውኃው ጫማዋ ላይ ይፈሳል። ከእሷ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት የኖረ ሰው፣ ውኃ በከንቱ እየፈሰሰ አግላያ ዝም ካለች ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል።

«ከማን ገዛኸው?»

«ከቶሊስ። ከብረታ ብረቱ።»

«ቶሊስስ ከማን ገዛው?»

ዚሲስ አንዱን ገመድ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ድንገት በጣም የሚያስፈልገው ሆነ። ቫዮስ ግን የልጃቸው የክርስትና አባት፣ የጎረቤትም ጎረቤት ቢሆንም፣ ዝም ማለት የሚባለውን ሙያ ሳይማር ያረጀ ሰው ነው።

«የወፍጮው መታጠፊያ ነው» አለ። «ያ ሰውዬ የሞተበት።»

አግላያ ጎንበስ ብላ ውኃውን ዘጋች።

የወፍጮውን መታጠፊያ የማያውቅ የለም። ወደ ካርዲትሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመንደሩ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ላይ፣ አስፋልቱ ከአሮጌው ወፍጮ ጀርባ ድንገት ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ፣ በአራት የብረት እግር የቆመች፣ ጣሪያዋ ሰማያዊ፣ የወፍ ቤት የምታህል የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በመስታወቷ ውስጥ የዘይት መብራት ይበራል። እንዲህ ያሉት ሰው ከወደቀበት መንገድ ዳር ይቆማሉ። የፔትሮቶ ሰው እዚያ ሲደርስ ሬዲዮ ይቀንሳል፣ ያማትባል፣ ማርሽ ይቀይራል፤ ሦስቱንም በአንድ እጅ። ሰባት ዓመት እንዲህ ሲደረግ ኖሯል።

«የሞተ ሰው ሞተር በዚህ በር አይገባም» አለች አግላያ።

«አግላያ፣ ብረት እኮ ነው።»

«የአጎቴ ልጅ ቲሚዮስ የሞተ ሰው ካፖርት ለብሶ ሠርግ ሄደ። ምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ጣሪያው አፈሰሰበት።»

«በሐምሌ በጋ» አለች አግላያ። «ዝናብ በሌለበት።» ክፍት የነበረውን ክንፍ ሳበችና ዘጋችው። ከዚያ በበሩ ብረት መካከል እያየችው ቀስ ብላ ጨመረች፣ «እኔ ጡረታህን ከአንተ ጋር መብላት ነው የምፈልገው፤ ብቻዬን መብላት አይደለም። እስከ ነሐሴ ማርያም ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። በበዓሉ ማግስት እዚህ ካገኘሁት ለቶሊስ እደውላለሁ፤ በኪሎ መዝኖ ይወስደዋል።»

ስለዚህ ሞተሩ ከበሩ ውጭ፣ በለሱ ዛፍ ሥር፣ ግማሹ ጥላ ላይ ግማሹ መንገድ ላይ ወረደ።

ዚሲስ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በክር ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ቆሞ ባለፈው ጥር ጡረታ ወጣ። በመጀመሪያው ወር የቤቱን ማጠፊያዎች በሙሉ ጠገነ። በሁለተኛው ወር የጠገናቸውን ጠገነ። በሦስተኛው ወር አግላያ «በሩ ካልጮኸ ማን ገባ ማን ወጣ በምን አውቃለሁ» ብላ ከማጠፊያዎቹ አባረረችው። ከዚያ ወዲያ ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ሌሎች ጡረተኞች ስለ ደም ግፊታቸው የሚያወሩትን እየሰማ፣ የራሱን ግፊት ሲጠብቅ ነበር።

ሞተሩን የፈለገው ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ። ያኔ የእንስሳት ሐኪሙ ወደ መንደሩ የሚመጣው በእንዲህ ያለ ጥቁር የጀርመን ሞተር ነበር፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ እንደ ክርን ወጥተው። የዚሲስ አባት ላም ትዳን አትዳን ዚሲስ አያስታውስም። ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ የሚያሰማውን ጥቅ ጥቅ ግን ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የሚቀድም ነገር ነበር፤ ጣሪያ፣ ትራክተር፣ የልጅቷ ሠርግ። የሚቀድሙት ሁሉ ቀድመው ሲያልቁ፣ ቶሊስ መጋዘን ውስጥ፣ በልብስ ማጠቢያ ማሽኖች መካከል፣ የሰባ አራት ሥሪቱን ተጣጥፎ አገኘው።

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። የበለሱ ግንድ ላይ የብረት መንከሻ ሞርሳ ታሰረ። ከቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ በበሩ ሥር ወጣ፤ አግላያ ስለ መብራት የተናገረችው ነገር ስላልነበረ ዚሲስ አልጠየቀም። ምሳ ሰዓት ላይ በሩ አንድ ክንድ ያህል ይከፈትና ሰሃን ይወጣል። ሰሃኑ መውጣት ይችላል፤ ሞተሩ መግባት አይችልም። ሕጉ ግልጽ ነበር።

መንገድ ላይ የሚሠራ ሰው ብቻውን አይሠራም። የመንደሩ ሰው ሁሉ እያለፈ አስተያየቱን ጥሎ ይሄዳል። ፖስተኛው የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ መለወጥ እንጂ መቃናት የለበትም አለ። ዳቦ ጋጋሪዋ ቀለሙ ቀይ ይሁን አለች። ቄሱ ቆመው አዩ፣ ጢማቸውን ዳሰሱ፣ «ሲጨርስ ጠበል እረጨዋለሁ፤ ካልጨረሰም ያው እረጨዋለሁ» አሉና ሄዱ። ኮርቻውን ግን ማንም አይነካም። ልጅ የያዘች እናት ስታልፍ ልጁን በወዲያኛው እጇ ትይዘዋለች። ቫዮስ ራሱ ሹካውን ሲይዝለት፣ የሹካውን ቱቦ በትራክተሩ ክብደትና በክሪክ ሲያቃኑ፣ ላቡ እስኪንጠባጠብ ሲያግዘው ውሎ፣ «እስቲ ለአንድ አፍታ ተቀመጥበትና መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ» ሲባል ወገቡን ያመዋል።

«ወገብህ ትራክተሩ ላይ አላመመህም።»

«ትራክተሩ ላይ የሞተ የለም፣ አበልጄ።»

ዚሲስ ነገሩን ማየት የጀመረው በሰኔ ነው። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ዘንግ ሲሰበር ወደ እሱ ይዘውት ይመጡ ነበር፤ አዲስ እንዲሠራ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሰበረው እንዲነግራቸው። የተሰበረ ብረት ለሚያውቀው ሰው ይናገራል፤ ቀስ ብሎ ደክሞ የተሰበረ አንድ ዓይነት ነው፣ በአንድ ምት የተሰበረ ሌላ። ዚሲስ ግራውን ሲሊንደር እያጸዳ ሳለ ቆመ። መነጽሩን አውጥቶ ጠረገ። ከዚያ መለኪያ ሲባጎ አወጣና ሹካው ታጥፎ በነበረበት ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ጀርባ ላይ የጻፈውን ልክ ፈለገ። ሲመሽ ወደ በሩ ሄደ።

«አግላያ፣ ይህ ሰው አልሞተም።»

አግላያ በወዲያኛው በኩል ፎሶሊያ ትለቅማለች። «ሐኪም ነህ?»

«የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ስሚኝ። የግራው ሲሊንደር ክዳን በአስፋልት ተሞርዶ ግማሽ ጨረቃ ሆኗል። ከኋላው ያለው የእግር መርገጫ ግን ጭረት እንኳ የለበትም። የሰውየው እግር እዚያ ነበር። ሲሊንደሩ መሬቱን ተቀበለለት።»

«ሰው በእግሩ ብቻ አይኖርም» አለች አግላያ። «ጭንቅላቱስ?»

«ሹካው ሁለት ጣት ነው የታጠፈው። በፍጥነት ቢገጭ ይሰበር ነበር። በአርባ ነው የገጨው። ቢበዛ አርባ አምስት።»

«እና ቤተ ክርስቲያኗን በአርባ ለገጨ ሰው ነው የሠሩለት?»

ዚሲስ ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ብረት የሚናገረው እስከዚያ ድረስ ነው።

ሐምሌ የጎማ ሽቦ በመወጠርና ስቱኮ በመለበጥ አለቀ። የጎማውን ቸርኬ በአርባ አዳዲስ ሽቦዎች እያንዳንዱን በጆሮው እየቃኘ ወጠረው። መሪውን ከሌላ አሮጌ ሞተር አገኘ። የቤንዚን ጋኑን፣ ሰርባትዮውን፣ ከውስጥ በእንጨት መዶሻ እየመታ አቃናው፣ ለበጠው፣ ፋቀው፣ ደግሞ ለበጠው፣ ጥቁር ቀባው። የሲሊንደሩን ክዳን ግን አልለወጠውም፤ ግማሽ ጨረቃውን አለሰለሰና መልሶ ገጠመው። ለምን ብሎ ፖስተኛው ሲጠይቀው «እግሩን ያዳነው ይህ ነው» አለ። ፖስተኛው አልገባውም፤ ሄደ።

የነሐሴ ጾም የገባ ዕለት ዚሲስ ቫዮስን ወደ ወፍጮው መታጠፊያ ውሰደኝ አለው።

ቫዮስ ፒክአፑን ዳር አስይዞ አቆመ፤ ሞተር ግን አላጠፋም። «እኔ አልወርድም።»

«ሰባት ዓመት በዚህ አልፈሃል፤ አንድ ቀን ወርደህ ታውቃለህ?»

«ለምን እወርዳለሁ? የማውቀው ሰው አይደለም።»

ዚሲስ ብቻውን ሄደ። ሣሩ ከሩቅ የተተወ ቢመስልም ወደ ቤተ ክርስቲያኗ የሚያደርስ ቀጭን መሄጃ ነበረው። መስታወቷን ከፈተ። የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አለ። የዘይት ጠርሙስ አለ፣ ሦስት አራተኛው ሙሉ። ክብሪት አለ፣ ደረቅ። መብራቱ ይበራል፣ ክሩም ገና ነጭ ነው። ዚሲስ ሥዕሉን ቀና አደረገ፣ ከኋላው አየ፣ ከሥሩ አየ።

«ቫዮስ፣ ና እስቲ።»

«ነገርኩህ እኮ።»

«ፎቶ የለም።»

የፒክአፑ ሞተር ጠፋ። በሩ ተከፈተ። ቫዮስ መጥቶ በዚሲስ ትከሻ ላይ አጮለቀ። ልጅ ሞቶበት ቤተ ክርስቲያን ያቆመ ሁሉ ፎቶ ያኖራል፤ በወታደር ልብስ፣ በሠርግ ልብስ፣ የተገኘውን። ፎቶ የማይኖረው ሰውየው ከወደቀበት ሲነሳ ነው፤ ያኔ የሚቆመው ለመታሰቢያ ሳይሆን ስለት ለመክፈል ነው። ይህንንም የማያውቅ የለም። ግን ለማወቅ ከመኪና መውረድ ያስፈልጋል።

«ሰባት ዓመት» አለ ቫዮስ ቀስ ብሎ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ለደህና ሰው ነፍስ ይማር ስል።»

ዚሲስ ከኪሱ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ አወጣና በጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፈ፦ «ሞተርህን የገዛሁት እኔ ነኝ። በሕይወት ካለህ ደውልልኝ። ከሌለህ ይቅርታ።» ስልኩን፣ ስሙንና መንደሩን ከሥር ጻፈ፣ ከክብሪቱ በታች አኖረው።

አግላያ ስለ ፎቶው ሲነገራት እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ምናልባት ፎቶው ወድቆ ይሆናል። ነፋስ ወስዶት ይሆናል። እናቱ ማየት አቅቷት ወደ ቤት ወስዳው ይሆናል።» ሦስት አማራጭ በአንድ ትንፋሽ። «ሰውየውን አምጣልኝ፤ ያኔ እንነጋገራለን።»

ስልኩ አልጮኸም። ሳምንቱ አለፈ። ዚሲስ ስልኩን ከሽንት ቤት እስከ በለሱ ሥር ተሸክሞ ሰነበተ፤ የደወለችው ተሰሎንቄ ያለችው ልጁ ብቻ ናት፣ የበዓሉን ኬክ ማን ይጋግራል ብላ።

ይባስ ብሎ ሞተሩ አልነሳ አለ። ሁሉ ነገር ቦታው ነው። ካንዴላዎቹ አዲስ ናቸው፣ እሳት የሚሰጠው ፑንቲና ተስተካክሏል፣ ካርቡሬተሮቹ አራት ጊዜ ታጥበው በእጁ ቤንዚን ተሞልተው ተገጥመዋል። ማስነሻውን ሲረግጠው ሁለት ጊዜ ያጉረመርማል፣ ይሞታል። ደግሞ ያጥባል፣ ይሞላል፣ ይረግጣል፤ ሁለት ጊዜ ያጉረመርማል፣ ይሞታል። ወደ ቡና ቤቱ የሚሄዱት ጡረተኞች መንገዳቸውን ቀይረው በዚያ በኩል ማለፍ ጀመሩ።

«ባለቤቱ አልፈቀደም» አለ አንዱ፤ ለሌላው ነው የነገረው፣ ዚሲስ እንዲሰማ አድርጎ።

በበዓሉ ዋዜማ አግላያ ሰሃን ይዛ ወጣች፤ ባቄላና ወይራ። ሰሃኑን ኮርቻው ላይ አላኖረችም፤ እጁ ላይ ሰጠችው።

«ቶሊስን አነጋገርኩት» አለች። «በበዓሉ ማግስት ይመጣል።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ?»

«በኪሎ ስንት ነው የሚወስደው?»

«አልጠየቅኩም» አለች አግላያ። ትንሽ ቆመች፤ እንዲከራከራት እየጠበቀች ይመስላል። ሳይከራከር ሲቀር ወደ ውስጥ ገባችና በሩን መዝጋት ረሳች፤ ወይም እንደረሳች አደረገች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና መጥታ ከበለሱ ማዶ ቆመች። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ወረደ። ቀኝ እግሩን ትንሽ ያነክሳል። ዚሲስ ገዢ መሰለው፤ በእነዚያ ቀናት በርካሽ ሊወስደው እንደ ቁራ የሚዞር ገዢ አይጠፋም ነበር። ሰውየው ሞተሩን ከፊት አየው፣ ከኋላ አየው፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የተሞረደውን የግራ ክዳን አየ። እጁን ዘርግቶ ኮርቻው ላይ አሳረፈ።

በሦስት ወር ውስጥ ከዚሲስ ሌላ ኮርቻውን የነካ የመጀመሪያው ሰው ነው። ዚሲስ መፍቻውን አስቀመጠ።

«ወረቀቱን አገኘሁት፣ አጎቴ» አለ ሰውየው። «ሴራፊም እባላለሁ። በሕይወት ካለህ ደውል ይላል። ስልክ አንስቼ ‹አለሁ› ማለት ከበደኝ። እና መጣሁ።»

ዚሲስ እጁን ጠርጎ ጨበጠው፤ መጨበጡን ትንሽ አስረዘመው። ከመንገዱ ማዶ ቫዮስ የፒክአፑን በር ክፍት ትቶ እየተንደረደረ ደረሰ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰባት ዓመት አማትቤልሃለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ሴራፊም። «ሳይጠቅመኝ አልቀረም።»

«መኪኖች ሲያማትቡ አይተህ አታውቅም?»

«አያለሁ እንጂ። ለቅዱስ ሚካኤል ነው ብዬ እኔም አብሬ አማትባለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዘይት ስሞላ አንዲት አሮጊት መኪና አስቁመው ወረዱና ‹ወንድምህ ነበር?› አሉኝ። ወንድም የለኝም አልኳቸው። አልቅሰው አቀፉኝ።»

አግላያ በሩ ላይ ነበረች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ማንም አላየም። እጇ ላይ ዝርግ ሳህን አለ፤ ውኃ በብርጭቆ፣ በትንሽ ማንኪያ ደግሞ የቼሪ ጣፋጭ፤ እንግዳ የሚቀበሉበት። ከበሩ ወጣች። ሴራፊም ውኃውን ሊያነሳ ሲል ቀድማ እጁን ያዘችው፣ ገለበጠችው፣ መዳፉን በአውራ ጣቷ ተጫነች። ሞቃት ነው።

«ስንት ቦታ ተሰበርክ፣ ልጄ?»

«ትከሻዬና ሁለት የጎን አጥንት፣ እናቴ።»

«እግርህስ?»

«እግሬ ባለፈው ፋሲካ ነው። አይብ ቤት ውስጥ የወተት በርሜል ወደቀብኝ። ሞተሩማ እግሬን አልነካውም።»

ዚሲስ ወደ አግላያ አላየም። ይህን ማድረግ ከባድ ነበር፤ ግን አደረገው።

«ታዲያ ለምን ሸጥከው?» አለችው አግላያ።

ሴራፊም ጣፋጩን በላ፣ ውኃውን ጠጣ፣ ለቤቱ ጤና ተመኘ። ከዚያ ነገራቸው። ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ እናቱ ቅዱስ ሚካኤል ፊት ሁለት ነገር ተሳለች። አንደኛው፣ ቢተርፍ መታጠፊያው ላይ ቤተ ክርስቲያን ልታቆምና መብራቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሞላ። ሁለተኛው፣ ልጇ ዳግመኛ ሞተር ላይ እንዳይወጣ። «እሷ ተሳለች፣ እኔ እከፍላለሁ» አለ። «ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ማታ እጄን ታሸተዋለች፤ ዘይት መሽተት አለበት።» እንደገና ኮርቻውን ዳሰሰ። «የአባቴ ነበር። ልሸጠው አልቻልኩም፤ ስድስት ዓመት ጎተራ ውስጥ ተወሸቀ። ባለፈው የብርድ ወራት ለቶሊስ ሰጠሁት፤ ቆርጦ ያቀልጠዋል ብዬ። ይነሳል?»

«አይነሳም» አለ ዚሲስ። ይህን ለባለቤቱ መናገር በመንደሩ ሁሉ ፊት ከመናገር ይልቅ አሳፈረው። «ሁለት ጊዜ ያጉረመርማል፣ ይሞታል።»

«የቤንዚኑን መክፈቻ ወዴት አዞሩት?»

«ወደ ታች። ፍላጻው ወደ ታች ነው የሚለው።»

ሴራፊም ሳቀ፤ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እሱ ለሌላ ሰው ነው። አባቴ አንድ ጊዜ ፈታውና እጀታውን አዛብቶ ገጠመው። ስህተቴን አላምንም ብሎ ሃያ ዓመት ወደ ጎን ሲከፍተው ኖረ። ወደ ታች ዝግ ነው።»

ዚሲስ መነጽሩን አወለቀ። ያንን መክፈቻ ፈትቶታል፣ አጥቦታል፣ ልክ እንዳገኘው አድርጎም መልሶ ገጥሞታል። የተሰበረ ብረት ሁሉ የሚነግረው ሰው ነው፤ ያልተሰበረ ብረት ላይ ያለ ፍላጻ ግን ያለ ጥያቄ ያምናል። ሠላሳ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ፍላጻ ዋሽቶት አያውቅም።

ወደ ጎን አዞረው። ቤንዚኑ በላስቲኩ ውስጥ ሲወርድ ታየ።

«አንተ አስነሳው» አለው ለሴራፊም።

ሴራፊም ወደ ኋላ ሸሸ። «ስለቱ አለ።»

«ማስነሻው በግራ በኩል ነው፤ ከጎኑ ቆመህ ነው የምትረግጠው። መውጣት የለም።»

ሁሉም ወደ አግላያ ዞሩ። ስለ ስለት ጉዳይ በመንደሩ ከቄሱ ቀጥሎ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ አንዳንዴም ከቄሱ በፊት።

«እናትህ ያለችው ‹እንዳይወጣ› ነው?»

«እንዳይወጣ።»

«ስለ መቆም ያለችው ነገር አለ?»

«የለም፣ እናቴ።»

«እንግዲህ ቁም» አለች አግላያ።

ሴራፊም በደህና እግሩ ረገጠ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ሞተ። እንደገና ረገጠ። አጉረመረመ፣ አጉረመረመ፣ አንዴ አስነጠሰ፣ ከዚያ ያዘ። ዝቅ ያለ፣ እኩል የሆነ ድምፅ፣ ሞተሩን በሙሉ ግራ ቀኝ በቀስታ የሚያወዛውዝ። የበለሱ ቅጠሎች ተንቀጠቀጡ። ጡረተኞቹ ከቡና ቤቱ ወጡ። ቫዮስ ወገቡን ረስቶ ኮርቻው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፣ መሪውንም ቀጥ አድርጎ ያዘ። ሴራፊም ከጎኑ ቆሞ አንድ እጁን ሰርባትዮው ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ወዲያ አዙሮ ቆየ። ዚሲስ ሲያጠፋው፣ ብረቱ ሲበርድ ጥቅ ጥቅ ሲል ተሰማ።

ሴራፊም ከመሄዱ በፊት መኪናው በር ላይ ቆመ። ከሳምንቱ ማለቂያ ጀምሮ ደሴት ላይ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሊሠራ እንደሆነ ነገራቸው፤ እስከ ጥቅምት አይመለስም። «መብራቱ ነው ያሳሰበኝ» አለ። የጠየቀው ነገር የለም። ነገሩን ብቻ እዚያ አስቀምጦ ሄደ።

በዓሉ በቅዳሴ፣ በጥብስና ከተሰሎንቄ በመጣ ኬክ አለፈ። ማግስቱም አለፈ።

«ቶሊስ ደውሎ ነበር» አለች አግላያ በነጋታው።

«ምን አልሽው?»

«አላነሳሁትም። እጄ ሊጥ ነበር።»

ዚሲስ ሊጥ አላየም፤ አልጠየቀምም። ሞተሩ አሁንም ከበሩ ውጭ ነበር። ሌሊት ሌሊት ሸራ ያለብሰዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ቫዮስ ፒክአፑን አስነስቶ በሩ ላይ ቆመ። ዚሲስ ነበር የጠራው፤ ዘይት ወደ መታጠፊያው የሚወስድ ሰው መኖር አለበት። አግላያ በሥራ ቀን የማታደርገውን ሻሽ አስራ፣ በፎጣ የተጠቀለለ የዘይት ጠርሙስ በደረቷ አቅፋ ወጣች። ፒክአፑን አለፈችው። ቫዮስ በሩን ከፍቶላት ነበር፤ ከፍቶ ቀረ።

ሞተሩ ጋ ቆመች። የተሞረደውን ክዳን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«በስንት ነው የገጨው ያልከኝ?»

«በአርባ።»

«በሠላሳ ትነዳለህ።»

ዚሲስ ሁለተኛውን የሞተረኛ የራስ ቆብ ከየት እንደሚያመጣ አላሰበም ነበር። ቫዮስ አስቦ ኖሯል፤ ከመቀመጫው ሥር የልጁን አወጣና ምንም ሳይናገር አቀበላት። ምንም ሳይናገር መቅረቱ ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀው ዚሲስን ነው።

አግላያ ቆቡን በሻሿ ላይ ደፋች። ጠርሙሱን ለዚሲስ ለአፍታ አስያዘችና ወደ በሩ ተመለሰች። የተከፈተውን ክንፍ ወደ ግድግዳው ገፋችው። ከዚያ ሠላሳ አራት ዓመት ለትራክተር ካልሆነ በቀር ተከፍቶ የማያውቀውን ሁለተኛውን ክንፍ፣ መቀርቀሪያውን በተረከዟ መትታ አስለቀቀችና ጎተተችው። እንዳይመለስ ከአበባው መደብ ትልቅ ድንጋይ አንስታ አስደገፈችው።

መጥታ ጠርሙሱን ተቀበለችው፣ በዚሲስ ትከሻ ተደግፋ ከኋላው ወጣች።

«ስንመለስ በር ለመክፈት ብዬ አልወርድም» አለች። «ንዳ።»